ያውቁ ኖሯል? የቪየትናሞች ማዕድ ከደጁ እስከ ቡናው

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንገባው ጠባብ ቤት ነው። ጠረጴዛው ቢበዛ አሥራ ሁለት ነው። እናት ድስቱ ላይ ናት፣ አባት ሒሳብ ይቀበላል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ሳህን ያመላልሳሉ፣ አያት ጥግ ይዘው ቅጠል ይቀነጥሳሉ። እንዲህ ያለው የቪየትናም ቤተሰብ ምግብ ቤት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በፓሪስ፣ በበርሊንና በሜልቦርን በብዛት አለ፤ የእኛ ሰዎች በሚኖሩባቸው ከተሞች ማለት ነው። ዋጋው ደህና ነው፣ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል ተብሎ ይገባበታል። ሳህኑ ላይ የተቀመጠው ታሪክ ግን ከሆድ በላይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከደጁ እንጀምር። ፎ የሚባለው የኑድል ሾርባ በሚሸጥባቸው ብዙ ቤቶች ማስታወቂያ ላይ ቁጥር እንዳለ አስተውለው ይሆናል። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ዓመት ነው። 75 ሲል የደቡብ ቪየትናም መናገሻ ሳይጎን በሰሜኑ ጦር እጅ የወደቀችበትና ብዙዎቹ ባለቤቶች አገር ለቀው የወጡበት 1975 ነው። 54 ሲል ደግሞ በጄኔቫ ስምምነት አገሪቱ በ17ኛው የኬክሮስ መስመር ለሁለት ተከፍላ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የሰሜን ሰዎች ወደ ደቡብ የተሰደዱበት 1954። ሁሉም ቁጥር ዓመት አይደለም፤ የዕድል ቁጥርም አለ፣ የድሮው ሱቅ የቤት ቁጥርም አለ። ባለቤቱን ቢጠይቁት ደስ ብሎት ይነግርዎታል፤ አንዳንዱ ግን ቁጥሩን ሲያስበው ያመዋልና ቀስ ብለው ይጠይቁ።

ያውቁ ኖሯል? በ1975 ብቻ ወደ 130,000 የሚጠጉ ቪየትናማውያን አሜሪካ ገብተዋል። መጀመሪያ ያረፉት በአራት የጦር ሰፈሮች ነበር፦ በካሊፎርኒያ ካምፕ ፔንድልተን፣ በአርካንሳ ፎርት ቻፊ፣ በፍሎሪዳ ኤግሊን፣ በፔንሲልቬንያ ፎርት ኢንዲያንታውን ጋፕ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መቶ ሺዎች በትንንሽ ጀልባ ባሕር ገቡ። ስንቱን ባሕር በልቶት ቀረ።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። የእነዚያ ስደተኞች ብዛት አሜሪካን አዲስ የስደተኞች ሕግ እንድታወጣ ገፋፋት፤ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በማርች 17 ቀን 1980 ፈረሙበት። ከደርግ ሸሽተው ሱዳን ተጠልለው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ የገቡት በዚሁ ሕግ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉት ባለ ፎ ቤትና ባለ እንጀራ ቤት የገቡበት በር አንድ ነው።

እስራኤልም ውስጥ ተመሳሳይ መገናኛ አለ። በ1977 ዩቫሊ የተባለች የእስራኤል የጭነት መርከብ ባሕር ላይ የምትሰጥም ጀልባ አግኝታ 66 ቪየትናማውያንን አዳነች። ምናሔም ቤጊን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሥራ ሲጀምሩ የመጀመሪያ ውሳኔያቸው እነዚህን ሰዎች ተቀብሎ ማስፈር ነበር። እስከ 1979 ድረስ የገቡት ከ300 በላይ ደረሱ። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን እንዲመጡ ለሞሳድ መመሪያ የሰጡትም እኚሁ ቤጊን ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? በዋሽንግተን አካባቢ የመጀመሪያው የቪየትናሞች ሠፈር አርሊንግተን ውስጥ ክላረንደን የሚባለው ቦታ ነበር። የሜትሮ ባቡር ግንባታ መንገዱን ቆፋፍሮት ነባር ነጋዴ ሲሸሽ፣ ኪራዩ ወረደና ስደተኞቹ ገቡበት። ጣቢያው በ1979 መጨረሻ ተከፍቶ ኪራዩ መልሶ ሲወጣ ግን መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። ወደ ፎልስ ቸርች ሄደው በ1984 በተከፈተው ኢደን ሴንተር ሰፈሩ። የሰዓት ማማው የሳይጎንን ቤን ታን ገበያ ማማ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ከላዩ የሚውለበለበው ቢጫ ሰንደቅ ዓላማ፣ ሦስት ቀይ መስመር ያለበት፣ ዛሬ በካርታ ላይ የሌለችው የደቡብ ቪየትናም ባንዲራ ነው። እዚያ ሲገቡ ስለ ባንዲራው በቀልድ አይናገሩ።

ወደ ሳህኑ እንለፍ።

ፎ የጥንት ምግብ ይመስላል። ዕድሜው ግን አንድ መቶ ዓመትን ብዙም አያልፍም። የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ ላይ፣ በሰሜን ቪየትናም በናም ዲንና በሃኖይ ነው። ከዚያ በፊት የቪየትናም ገበሬ በሬውን ያርስበት ነበር እንጂ አርዶ አይበላውም ነበር። የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ሲመጡ የበሬ ሥጋ ፈለጉ፤ አጥንቱ ተረፈ። ያንን አጥንት ቀቅለው በሩዝ ኑድል ላይ ያፈሰሱት በእግራቸው የሚዞሩ ነጋዴዎች ናቸው። በትከሻቸው ላይ የቀርከሃ ዘንግ፣ በአንዱ ጫፍ እሳትና ድስት፣ በሌላው ጫፍ ኑድል፣ ሥጋና ሳህን ተንጠልጥሎ ከመንደር መንደር ይሸጡ ነበር። የቪየትናም መንግሥት የሃኖይንና የናም ዲንን ፎ በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በ2024 ነው።

የዶሮ ፎስ? በ1939 አካባቢ ሃኖይ ውስጥ ሰኞና ዓርብ የበሬ ሥጋ አይሸጥም ነበር ይባላል። ነጋዴው ሁለት ቀን ከሚዘጋ ዶሮ ቀቀለ። ያን ጊዜ ብዙዎች ተቆጥተው ነበር፤ ዛሬ ተመራጭ ሆኗል።

በጦርነቱ ዘመን በሰሜን ሥጋ በራሽን ሆነ። በ1960ዎቹ የመንግሥት ምግብ ቤቶች መረቅና ኑድል ብቻ፣ ሥጋ የሌለበት ፎ ይሸጡ ነበር። ሕዝቡ «አብራሪ የሌለው ፎ» አለው፤ የዚያን ጊዜ ሰማይ ላይ የሚዞሩትን የአሜሪካ ሰው አልባ የስለላ አውሮፕላኖች አስቦ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጠረጴዛዎ ላይ የሚቀርበው የቅጠል ክምር በሰሜኖቹ ዘንድ የለም። የሃኖይ ፎ ንጹሕ መረቅ፣ ሰፋ ያለ ኑድልና ሽንኩርት ነው፤ በቃ። በ1954 የተሰደዱት ወደ ደቡብ ይዘውት ሲወርዱ፣ ለም የሆነው የሜኮንግ አገር ቅጠሉን፣ የማሾ ቡቃያውን፣ ሎሚውንና ጣፋጩን የሆይሲን ሶስ ጨመረበት። በ1975 ከአገር የወጡት በብዛት የደቡብ ሰዎች ስለነበሩ፣ በውጭ አገር የምናውቀው ፎ የሳይጎኑ ነው።

ያንን የቅጠል ሳህን ቀረብ ብለው ቢያዩት ዘመድ ያገኛሉ። ግንዱ ወይን ጠጅ የሆነው ቅጠል የበሶብላችን ወገን ነው። ሲላንትሮ የሚሉት ለስላሳ ቅጠል ደግሞ ራሱ ድንብላል ነው፤ እኛ ፍሬውን ስናደርቅ እነርሱ ቅጠሉን በእርጥቡ ይበሉታል። ነጩ ቡቃያ የማሾ ነው። መረቁ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ጥቁር ሄል የኮረሪማ የሥጋ ዘመድ ነው። ከማዕከላዊ ቪየትናም የመጣው ሾርባ ውስጥ የሚሸትዎት ደግሞ ጠጅ ሣር ነው። ቅጠሉን በእጅዎ ቆራርጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ መረቁ ትኩስ ሳለ ይጨምሩ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከጨመሩት ሾርባው ይቀዘቅዛል።

አሁን ስለ መረቁ። እዚህ ላይ ረጋ ማለት እፈልጋለሁ፤ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ያለው እዚህ ነውና።

የበሬው አጥንት መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ፈልቶ ውኃው ይደፋል። ከዚያ አጥንቱ አንድ በአንድ ይታጠባል። በአዲስ ውኃ እንደገና ይጣድና ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንድ ቤት ከዚያም በላይ፣ በዝግታ ይንተከተካል። እሳቱ ከበረታ ስቡ ከውኃው ጋር ይደባለቅና መረቁ ይደፈርሳል፤ የጥሩ ፎ መረቅ ግን የሳህኑን ሥር የሚያሳይ መሆን አለበት። አረፋው ሳያሰልስ ይገፈፋል። ሽንኩርትና ዝንጅብል ከነልጣጩ በእሳት ነበልባል ላይ ጠቁሮ ይላጥና ይገባል፤ ጣፋጩና የጭስ መዓዛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ድንብላሉና ኮከብ የሚመስለው ቅመም ታምሰው በጨርቅ ተቋጥረው ይገባሉ፤ ግን መጨረሻ አካባቢ፣ እንዳይመርሩ። ኮከቡ ቅመም በሰሜን በላንግ ሶን አውራጃ ተራሮች ይበቅላል። መጨረሻ የዓሣ ሶስና ትንሽ ድፍን ስኳር።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ምግብ ቤቱ ጠዋት እንዲከፈት ድስቱ ማታ መጣድ አለበት። ትልቅ ድርጅት ለዚህ ሰዓት ሠራተኛ ቀጥሮ ቢከፍል የሳህኑ ዋጋ ይወደድ ነበር። የቤተሰቡ ፎ ቤት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የሚቆየው የእናትየዋ ሌሊት፣ የአባትየው እሑድ፣ የልጆቹ ከትምህርት በኋላ ያለ ሰዓት በሒሳብ ስለማይገባ ነው። በእኛው ሰዎች ምግብ ቤት ጓዳ ሽንኩርት ሲከትፍ ያደገ ልጅ ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል። ስለዚህ «ሾርባ እኮ ነው፣ ይህን ያህል ያስከፍላል?» የሚለውን አነጋገር አልወደውም። አሥር ሰዓት ያህል የተሠራ ምግብ ነው፤ ይህም በሰዓት ቢሰላ በከተማው ውስጥ ከሚበሉት ሁሉ በርካሽ የሚሸጥ ሳይሆን አይቀርም።

ያውቁ ኖሯል? ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ «ታይ» የሚባል ፎ አለ። ስስ ሆኖ የተቆረጠ ቀይ ሥጋ በጥሬው ኑድሉ ላይ ይደረግና የሚፈላው መረቅ ሲፈስበት እዚያው ሳህን ውስጥ ይበስላል። ጥሬው ለብቻው በሳህን እንዲመጣልዎ መጠየቅም ይችላሉ፤ አንድ አንዱን እየነከሩ እንደ ወደዱት ያበስሉታል። «ቺን» የበሰለ ፍሪምባ ነው። «ጋን» ጅማት ነው፤ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ እስኪለሰልስ። «ሳክ» ደግሞ የእኛው ሽንፍላ። ዱለት የሚወድ ሰው ይህን ሳያዝዝ መውጣት የለበትም።

ሳህኑ እንደ ቀረበ ስሪራቻ የሚሉትን ቀይ የቃሪያ ሶስ አንስቶ መጭመቅ ልማድ ሆኗል። መጀመሪያ መረቁን ባዶውን ይቅመሱ። ያቺን ሌሊት ሙሉ የተጠበቀች መረቅ በሁለት ጭምቅ ቀይ ሶስ መሸፈን አግባብ አይደለም። ብዙ ቪየትናሞች ሶሱን በትንሽ ሳህን ለብቻ አድርገው ሥጋውን ያጠቅሱበታል።

ስለ ስሪራቻ ካነሣን፦ ዶሮ የተሳለበት ጠርሙስ ባለቤት ዴቪድ ትራን ቪየትናምን የለቀቀው በ1978 መጨረሻ ሁዌ ፎንግ በተባለች የጭነት መርከብ ነው። በ1980 ሎስ አንጀለስ ላይ ድርጅቱን ሲያቋቁም በዚያች መርከብ ስም ጠራው። ዶሮውም የተወለደበት የ1945 ዓመት ምልክት ነው፤ በምሥራቃውያኑ አቆጣጠር የአውራ ዶሮ ዓመት ነበር። ሶሱ ራሱ ግን ስሙን ያገኘው ሲ ራቻ ከተባለ የታይላንድ ከተማ ነው።

አሁን ለጿሚና ለሃይማኖቱ ለሚጠነቀቅ አንባቢ በጣም የሚጠቅመው ክፍል። በደንብ ይያዙት።

የቪየትናም ወጥ ቤት ወተትና ቅቤ የሚባል ነገር እምብዛም አያውቅም። ለጾም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የዓሣ ሶስ በሁሉም ነገር ውስጥ ይገባል፤ አትክልት ብቻ ያዘዙ መስሎዎት እንኳ። መፍትሔው አንድ ቃል ነው፦ «ቻይ»። ቡድሂስት ቪየትናሞች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ ይታቀባሉ፤ የዚያ ምግብ ስም ቻይ ነው። «ፎ ቻይ» ብለው ካዘዙ መረቁ ከአትክልትና ከእንጉዳይ የተሠራ፣ ሥጋው በቶፉ የተተካ ይመጣልዎታል። ሶሱም የአኩሪ አተር መሆኑን ይጠይቁ። እንቁላል መኖሩንም እንዲሁ።

የአሳማ ነገር ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የበሬና የዶሮ ፎ መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከየራሱ አጥንት ነው የሚሠራው። በስስ የሩዝ ቂጣ የተጠቀለለው ያልተጠበሰ ጥቅል ግን ውስጡ አሳማና ሽሪምፕ ነው። የተጠበሰውም ጥቅል በአብዛኛው አሳማ ነው። «ቡን ቦ ሁዌ» የሚባለው ቅመሙ የበረታ ሾርባ ስሙ የበሬ ቢሆንም የአሳማ እግርና የረጋ ደም ይገባበታል፤ ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 የንጉሣውያኑ መናገሻ ነበረችና ሾርባው የዚያች ከተማ ኩራት ነው። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም ሳይጠይቅ አይዘዘው። ቤተሰቡ ሲጠየቅ አይቀየምም፤ ያለ አሳማ ምን እንዳለው ቆጥሮ ይነግርዎታል።

ያውቁ ኖሯል? የዓሣ ሶሱ፣ «ኑክ ማም» የሚሉት፣ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አንቾቪ የተባለ ትንሽ ዓሣና ጨው። ሦስት እጅ ዓሣ፣ አንድ እጅ ጨው ሆኖ በትልቅ የእንጨት በርሜል ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ይብላላል። ከሥሩ የሚወርደው ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ነው ሶሱ። ስመ ጥሩው የሚመጣው ከፉ ኩዎክ ደሴት ነው፤ በ2012 የአውሮፓ ኅብረት የደሴቲቱን ስም በሕግ ጠበቀላት፣ ለቪየትናም ምርት የመጀመሪያው ነበር። ጠርሙሱ ላይ 30 ወይም 40 የሚል ቁጥር ካዩ የናይትሮጂን መጠን ነው፤ ከፍ ሲል ዓሣው በዝቷል፣ ጣዕሙ ጠልቋል ማለት ነው። ሽታው መጀመሪያ ይከብዳል። ሎሚ፣ ስኳር፣ ውኃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲገባበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ማዕዱ ላይ የሚደረገው ነገር ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም። የቤተሰብ ምግብ የሚቀርበው በክብ ትሪ ነው፤ ሩዝ ለየራስ፣ ወጡና የዓሣ ሶሱ መሐል ላይ ለሁሉ። ታናሹ ከመብላቱ በፊት አያቱን፣ አባቱን፣ እናቱን በየተራ «ይብሉ» ብሎ ይጋብዛል። ጥሩውን ቁራጭ አንስቶ ሌላው ሰው ሳህን ውስጥ ማኖር የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ነው፤ ጉርሻ ያሳደገው ሰው ወዲያው ይገባዋል። በእጅ ግን አይደለም፣ በቾፕስቲክ ነው። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ አቁሞ መትከል ነውር ነው፤ ለሙታን የሚተከለውን የዕጣን ዘንግ ይመስላልና።

አስተናጋጇ ዕድሜዎን ብትጠይቅዎ አይቀየሙ። ቪየትናሞች እርስ በርስ የሚጠራሩት ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እኅት፣ አጎት፣ አክስት፣ አያት እያሉ ነው። ዕድሜዎን ካላወቀች እንዴት አክብራ እንደምትጠራዎት ይቸግራታል።

በሩ አጠገብ ወለል ላይ ቀይ ሣጥን የመሰለ ነገር፣ ውስጡ የሁለት ሽማግሌ ምስል፣ ፊቱ ብርቱካንና የሚጨስ ዕጣን ያያሉ። አንዱ የመሬት ጠባቂ፣ ሌላው የሀብት ጠባቂ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ፊታቸው ወደ በሩ የዞረውም ገበያተኛ እንዲገባ ነው። አንዳንድ ቤት ጠዋት የመጀመሪያው ስኒ ቡና ለእነርሱ ይቀመጣል። ቦርሳዎን እዚያ አያስደግፉ።

ታሪክ የገባባቸውን ቤቶች በፍጥነት እንለፍባቸው።

ሃኖይ ውስጥ የዶአን ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ቻ ካ ላ ቮንግ ከ1871 ጀምሮ የሚሸጠው አንድ ምግብ ብቻ ነው፦ በእርድ ተለውሶ፣ በእንስላል መሰል ቅጠል ጠረጴዛ ላይ የሚጠበስ ዓሣ። መንገዱ ራሱ በምግቡ ስም ተጠራ።

ሳይጎን ውስጥ የነበረው ፎ ቢን የአሜሪካ ወታደሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ነበር። እነርሱ ምድር ቤት ሲበሉ፣ ፎቁ ላይ በ1968 የቴት (የአዲስ ዓመት በዓል) ዘመቻ ሳይጎንን የሚያጠቁት፣ ቪየትኮንግ የተባሉት የኮሚኒስት ሸማቂዎች አዛዦች ዕቅድ ያወጡ ነበር። ባለቤቱ አቶ ንጎ ቶአይ ተይዘው ታሰሩ። የቤቱ ስም ትርጉም «የሰላም ፎ» ነው።

በኖቬምበር 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሆ ቺ ሚን ከተማ (የድሮዋ ሳይጎን) ገብተው ፎ በሉ። በሜይ 2016 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦባማና የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት አቅራቢው አንተኒ ቦርዴይን ሃኖይ ውስጥ በአጭር የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ አሳማና ኑድል በሉ፤ ሒሳቡ ስድስት ዶላር ያህል ነበር፣ ቦርዴይን ከፈለ። ቤቱ ያንን ጠረጴዛ በመስታወት ከልሎ አስቀምጦታል።

በ1982 ካሊፎርኒያ፣ ጋርደን ግሮቭ ላይ የተከፈተው የትራን ቤተሰብ ፎ 79 በ2019 የጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽን ለነባር የሠፈር ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ከሁሉ ይልቅ ለሌሊቱ ሥራ የተሰጠ ነው እላለሁ።

በበርሊን ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች መነሻቸው ሌላ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ወደ 60,000 የሚጠጉ ቪየትናማውያንን በፋብሪካ ኮንትራት አስመጥታ ነበር። ግንቡ ፈርሶ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ አጥተው በየመንገዱ አበባና ምግብ መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ ተነሥተው ነው ምግብ ቤት የከፈቱት።

ስንዴ የማያበቅለው አገር በዳቦ ሳንድዊች ዓለምን ማሸነፉስ? ባን ሚ ከፈረንሳይ የመጣ ዳቦ ነው። መጀመሪያ ዳቦውና ሥጋው ለየብቻ በሳህን ይቀርቡ ነበር። ከሰሜን የተሰደዱ ባልና ሚስት ሳይጎን ውስጥ በ1958 በከፈቱት ሆዋ ማ በተባለ ሱቅ፣ ጠዋት የሚቸኩለው ሠራተኛ ይዞት እንዲሄድ ሁሉንም ዳቦው ውስጥ ከከተቱት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው። ኮምጣጤ የጠጣ ካሮት፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ድንብላል። ውስጡ አሳማ ነው፤ ዶሮ ወይም ቶፉ ብለው ይዘዙ።

ቡናውን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ለቡና አገር ሰው ይህ ክፍል ቀላል አይደለም።

ቪየትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። ቡናን ያስገቡት በ1857 የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን ናቸው። ዛሬ አብዛኛው ሮቡስታ ነው፤ ካፌይኑ ከአረቢካ እጥፍ ገደማ ነውና ማታ ሲጠጡ ያስቡበት። ሮቡስታም የአፍሪካ ልጅ ነው፤ ከማዕከላዊና ከምዕራብ አፍሪካ ጫካ የወጣ።

ያውቁ ኖሯል? የቪየትናም ቡና ታሪክ በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል። በ1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡና ተክሉን ጨረሰና የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። ዶላር ያልነበራት ምሥራቅ ጀርመን በ1977 ለሕዝቧ ቡና አጣች። ቬርነር ላምበርትስ የተባሉ ከፍተኛ ባለሥልጣኗ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከደርግ ጋር ተዋዋሉ፦ መሣሪያ ለእናንተ፣ ቡና ለእኛ። የኦጋዴን ጦርነት የተቀጣጠለበት ዓመት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ኢትዮጵያ በዕቃ መለወጡን ትታ የውጭ ምንዛሪ ጠየቀችና ውሉ ፈረሰ። ያኔ ምሥራቅ ጀርመን ፊቷን ወደ ቪየትናም አዞረች። ከ1980 ጀምሮ በዳክ ላክ ደጋ ቡና እንዲተከል ማሽንና ገንዘብ ሰጠች። ተክሉ ለፍሬ ሲደርስ ግን 1990 ሆነ፤ ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር አልነበረም።

ቡናው ግን አደገ። ቪየትናም በ1986 ኢኮኖሚዋን ስትከፍት ገበሬው ደጋውን በቡና ሸፈነው፤ በ2000 አካባቢ ኮሎምቢያን አለፈች። በዚያው ሰሞን ገበያው ሞልቶ የዓለም ዋጋ ወደቀ። የእኛ ገበሬ ምን እንደ ደረሰበት የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ነበር። የቪየትናሙም ገበሬ በዚያ ዋጋ አልተጠቀመም። ሁለቱን ያገናኛቸው ገበያ ለሁለቱም አልራራም።

አጠጣጡ እንዲህ ነው፦ ትንሽ የብረት ማጥለያ ብርጭቆው ላይ ይቀመጣል፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥር ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይጠብቀዋል። ትኩስ ወተት በሞቃቱ አገር ስለማይገኝ ነበር የቆርቆሮው የተለመደው። በ1946 ሃኖይ ውስጥ በጦርነት ምክንያት ወተት ሲጠፋ ደግሞ የሜትሮፖል ሆቴል ሠራተኛ የነበሩት ንጉየን ቫን ዣንግ የእንቁላል አስኳል በስኳር መትተው ቡና ላይ አደረጉት። የእንቁላል ቡና እንዲያ ተወለደ፤ የቤተሰባቸው ካፌ ዛሬም ይሸጠዋል። ለጾም ቀን ጥቁሩን በበረዶ ይዘዙ።

ለመሄድ ላሰበ አንባቢ ሦስት ነገር ልጨምር። ጠዋት ወይም ቀደም ብሎ ለምሳ ይሂዱ፤ ፎ በአገሩ የቁርስ ምግብ ነው፣ በጥሩ ቤትም መረቁ ካለቀ አለቀ። በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ አጋማሽ መካከል የሚውለው የቴት አዲስ ዓመት ሲሆን ቤቱ ሊዘጋ ይችላል፤ ደውለው ይጠይቁ። ሦስተኛው፣ ቤት ድረስ አስመጥተው ከመብላት በአካል ሄደው ይብሉ። ኑድሉ በመንገድ ላይ መረቁን ጠጥቶ ያብጣል፤ አድራሽ ድርጅቶቹም ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡ ሒሳቡም ጉርሻውም ሳይቀነስ፣ ሌሊቱን ድስት ሲጠብቅ ላደረው ቤተሰብ ይደርሳል።